በእትዬ ዘነበች ፈንታ የጻፍኩት ፈተና

ዛሬ ጠዋት እዚህ አዳማ ቀበሌ ውስጥ እትዬ ዘነበች አውራ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነክረው ፎርም ላይ ሲያሳርፉ አየሁ። ራሴን ተጸየፍኩት።

በደርግ ጊዜ፣ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ወንጂ ላይ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የማስተምራቸው እኔ ነበርኩ። ባለቤታቸው የሸንኮራ አገዳ ቆራጭ ነበሩ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ተምሬበታለሁ። ክፍል ውስጥ ያልገባኝ ሰዋስው ለእሳቸው ሳስረዳ ገባኝ። ማባዛትንም በአገዳ እያስቆጠርኩ ሳሳያቸው ሒሳቤ ተሻሻለ።

የፈተናው ቀን ግን መምህራችን፣ "ቀበሌያችን ከመሃይምነት ነጻ መባል አለበት፤ እናንተ ጻፉላቸው" አለን።

እትዬ ዘነበች እርሳሱን አለቅም አሉ። "ቆይ ልጄ፣ ስሜን ልጨርስ፤ 'ች' ብቻ ቀረችኝ።"

ነጠቅኳቸው። ጽፌ አሳለፍኳቸው።

(የዚያ ዓመት ካርዴ ላይ ጠባይ፦ "በጣም ጥሩ" ይላል።)

ዛሬ ጠጋ ብዬ፣ "እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

"አንተማ ልጅ ነበርክ" አሉኝ። "እኔ ግን እንደገና ልማር ብዬ ብሄድ፣ 'አንቺማ ምስክር ወረቀት አለሽ' ብለው መለሱኝ።"

እናንተስ፣ በልጅነታችሁ በዘመቻ ስም ምን አስደረጓችሁ? ሳታፍሩ ጻፉልኝ፤ እኔ ጀምሬያለሁ።