ሉሉ የሚዘጋበት ባሕር

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ ሉል አልነበረም፤ ድስት ነበር። ከዚያ በፊት እዚሁ አቃቂ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ክር በስታርች በሚደነድንበት ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ወጣሁ። ጋሽ መርዕድ በሰቃ ሰፈር ውስጥ የቆርቆሮ ቤት ተከራይተው በእጅ የዓለም ሉል የሚሠሩ ሰው ነበሩ። «ስታርች የምታውቅ ሴት አለች» ሲባሉ አስጠሩኝ።

«እስቲ ሙጫ አፍይልኝ» አሉኝ፤ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ። አፈላሁ። ጣታቸውን ነከሩና በአውራ ጣታቸው አሹት። «ይሄ ገንፎ ነው።» ደግሜ አፈላሁ። «ይሄ ደግሞ አጥሚት።» ተናድጄ ሌላ አፈላሁ። ነክረው አሹትና ምንም ሳይሉ ድስቱን ይዘው ሄዱ። እሳቸው ዘንድ ዝምታ ምስጋና መሆኑን ያወቅኩት ቆይቶ ነው። የዚያን ቀን ግን ወደ ቤቴ የሄድኩት በልቤ እየተሳደብኩ ነበር።

ሰው ሉል እንደ ኳስ ተነፍቶ የሚወጣ ይመስለዋል። የእኛ እንዲያ አይደለም። ክብ የእንጨት ፎርማ ላይ አሮጌ ጋዜጣ በሙጫ እየነከርን እንደራርባለን። ሲደርቅ ወገቡ ላይ በስለት ይቆረጥና እንደ ቅል ለሁለት ይላቀቃል። መሐሉ ዘንግ ይገባና መልሶ ይገጠማል። ከዚያ ጀሶ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፤ እንደገና ጀሶ፣ እንደገና ብርጭቆ ወረቀት። ጀሶ ስንፈገፍግ በዋልንበት ቀን ቅንድባችን ሳይቀር ይነጣል። የሰፈር ልጆች «ወፍጮ ቤቶች» ይሉን ነበር።

ሚዛንም አለው። ጥሩ ሉል ሲያሽከረክሩት የትም ይቆማል። መጥፎው ሁልጊዜ በከበደው ጎኑ ዞሮ ይተኛል። የቀለለውን ጎን ከውስጥ በእርሳስ ብረት እናከብደዋለን። እርሳሱን የሚያመጣው ሸምሱ ነው፤ የሉሉን እግርና ዘንግ የሚሠራ የስልጤ ልጅ። የቃሊቲን መንገድ ጎሚስታዎች በሙሉ ስለሚያውቅ፣ ከከባድ መኪና ጎማ የወለቀ የባላንስ እርሳስ በኪሱ ሞልቶ ይመጣል። «ይሄ ጂቡቲ ደርሶ የተመለሰ ነው፤ ከእናንተ ይልቅ ዓለምን ያውቃል» ይለናል።

የሥራ ደረጃችን ሙጫ አፍሊ፣ ለጣፊና ዘጊ ነበር። ዘጊው ጋሽ መርዕድ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ካርታው የሚታተመው ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ነው፤ መሐላቸው ሰፋ፣ ሁለት ጫፋቸው ሾል ባሉ አሥራ ሁለት ቁራጮች ተከፋፍሎ። እኛ ቅጠል እንላቸዋለን። ቅጠሉ በሙጫ ሲርስ ይለጠጣል። እያንዳንዱ የፀጉር ያህል ከተለጠጠ፣ የመጨረሻው ላይ ሲደረስ ቦታው ጠብቦ ወረቀቱ ይተርፋል። ያንን ትርፍ የት እናድርገው? የዚህ ሙያ ጭንቅ ሁሉ እሱ ነው።

የጋሽ መርዕድ ደንብ ከአገር መጀመር ነበር። መጀመሪያ ኢትዮጵያ ያለችበት ቅጠል ይለጠፋል። ከዚያ አንድ በቀኝ፣ አንድ በግራ እየተባለ ይዞርና የመጨረሻው ቅጠል በጀርባ በኩል፣ ሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ይገጥማል። ጋሽ መርዕድ የጎረቤቱን ቅጠል ጠርዝ ሳይደርቅ ብድግ ያደርጉና ትርፉን ከሥሩ ያሾልኩታል። ግማሹ ከሥር የገባ ጽሑፍ ካለ፣ ውጭ የቀረውን ፊደል ሰማያዊ ቀለም ያለብሱታል። በላዩ ቫርኒሽ፣ አለቀ። ስፌቱን በጣት ዳብሶ የሚያገኘው የለም። እጃቸው የተባረከ ነበር፤ ይህን ማንም አይክዳቸውም።

«ጋሼ፣ ለምንድነው ከአገር የምንጀምረው?» ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ።

«ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ቤቱን ነው። ቤቱ ተጣሞ ካየ አይገዛም።»

«መጨረሻውስ?»

«መጨረሻው ባሕር ነው። ውሃ አቤት አይልም።»

ሳቅን። መልሱ ጥሩ መስሎኝ ለአዲስ ገቢዎች እኔም እደግመው ነበር።

ለጣፊ ከሆንኩ ከዓመታት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ህይወት የምትባል ልጅ ሉል በነጠላ ጠቅልላ መጣች። የበሰቃ ልጅ ናት፣ ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ትሠራለች። ወንድሟ ብሩክ የመርከብ መካኒክ ሆኖ ባሕር ላይ ሲወጣ፣ ለእናታቸው ለእትዬ አስካለ ሉሉን የገዛችው ከእኛ ነው። ብሩክ በደወለ ቁጥር ያለበትን ወደብ ይናገራል፤ እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አድርገው ፈልገው ያገኙታል። ጎረቤት ሲመጣ «ልጄ ዛሬ እዚህ ነው» ብለው በጣታቸው ያሳያሉ። የሰፈሩ ሰው ጂኦግራፊ የተማረው ከእሳቸው ነው ማለት ይቻላል።

ህይወት ፊቷ ገርጥቷል። «ብሩክ ታሞ ነበር፤ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ» አለችኝ። «መርከቡ ታሂቲ የምትባል ደሴት አውርዶት ሄደ። እዚያ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ስልኩ መርከቡ ላይ ቀርቷል። ይህን የነገረኝ ጓደኛው ነው፤ ከመርከቡ መልእክት ልኮ።»

«እግዜር ይማረው። ታዲያ?»

«እናቴ ታሂቲን ሉሉ ላይ ፈለገቻት። የለችም። ‹የሌለ አገር ፈጥራችሁ ልጄን አስተኛችሁልኝ፤ ሞቷል› ብላ ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ የስኳር በሽተኛ ናት።»

«በስልክሽ ካርታ ለምን አታሳያትም?» አለ ሸምሱ።

«አሳየኋት። ‹ስልክ ውስጥ ምን የሌለ አለ? የሞተ ሰው ሲዘፍን የሚታይበት ዕቃ ነው› አለችኝ።»

እትዬ አስካለን አልፈረድኩባቸውም። ባላቸው የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። መንገድ ላይ ሲሞቱ መጀመሪያ የተነገራቸው «ታመው አዳማ ሆስፒታል ተኝተዋል» ተብሎ ነው። እሳቸው አጥሚት በፔርሙስ ሲያዘጋጁ፣ ሽማግሌዎች በማለዳ መርዶ ይዘው ገቡ። በእኛ አገር «ታሟል» የሚለው ቃል ለብዙ እናት የመርዶ ግማሽ ነው።

ሉሉን ወደ መስኮቱ ወስጄ አየሁት። ማን እንደዘጋው ወዲያው አወቅኩ፤ እንዲያ የሚዘጋ ሌላ እጅ የለም። ከመደርደሪያ ያልተለጠፈ የካርታ ወረቀት አውጥቼ አጠገቡ ዘረጋሁ። ታሂቲ ወረቀቱ ላይ አለች፤ ልክ በመዝጊያው ቅጠል ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ነጥብ። ሉሉ ላይ በቦታዋ ያለው ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው።

ጋሽ መርዕድ መጥተው አዩ። ብዙ ዝም አሉ። ያ ዝምታ ምስጋና አልነበረም።

«ነጥብ ቀቢላት» አሉ በመጨረሻ። «ስሟን በቀጭን ብሩሽ ጻፊና ስጫት።»

«ጋሼ፣ ዛሬ ብንቀባት ‹ለእኔ ሲሉ ጨመሩት› ይላሉ። ያን ጊዜ ልጃቸው በእርግጥ ሞተ ማለት ነው።»

«ወረቀቱን ውሰጂላቸው እንግዲያ።»

«ወረቀት የትም ይታተማል ቢሉኝስ?»

«እና ምን ልታደርጊ ነው?»

«ስፌቱን ፊታቸው ልከፍተው።»

የራሳቸውን ሥራ ሰው ፊት ልገፍፈው መሆኑ ነው። ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ሽርጣቸውን ፈቱና ኮታቸውን ከምስማሩ አወረዱ። «አልኮል፣ ጥጥና የአጥንቷን ቢላ ያዢ። እኔም እመጣለሁ» አሉ።

እትዬ አስካለ ቤት ስንደርስ ጎረቤቶች አግዳሚ ላይ ተደርድረው በዝግታ ያወራሉ። እሳቸው መሬት የተነጠፈ ፍራሽ ላይ ናቸው። መሳሳታችን የገባኝ ደፉን ስንረግጥ ነው። ጠዋት፣ ኮት የለበሰ ሽማግሌ ከፊት፣ እኛ ከኋላ። መርዶ የሚገባው እንዲህ ነው።

«መጡ!» ብለው ደረታቸውን መቱ። «መጡልህ ልጄ! ጎረቤት፣ መጡ!»

ቤቱ በአንድ ጊዜ በለቅሶ ተናጋ። ህይወት «እማዬ አይደለም! የሉል ሠሪዎቹ ናቸው!» ብትል ማን ይሰማታል? ጋሽ መርዕድ እንደ መሸሽ አሉ። እኔ ሉሉን ከህይወት ነጠቅኩና ፍራሹ ላይ፣ ጉልበታቸው ሥር አስቀመጥኩት። ገበያ ላይ እንደምጮኸው ነው የጮኽኩት፦ «እትዬ አስካለ! ደሴቷ እዚህ ውስጥ ናት! በዓይንዎ ይዩ!»

እሳቸው ዝም ሲሉ ቤቱም ዝም አለ።

ጥጡን በአልኮል ነክሬ ስፌቱ ላይ ማሸት ጀመርኩ። ቫርኒሹ ለሰለሰ፤ ሰማያዊው ጥጡን እየበከለ መጣ። የፈላ ውሃ አስመጥቼ ጨርቅ ነከርኩና ስፌቱ ላይ አስተኛሁት። ሙጫው እስኪለቅ መጠበቅ አለ፤ ሲቸኩሉ ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ነጥቧም አብራ ትሄዳለች። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ፍርሃቴ ለወረቀቱ ብቻ አልነበረም። ደሴቷን ላሳያቸው እችላለሁ፤ ልጁ ደህና መሆኑን ግን ምኑን አውቄ? መልእክቱ ከመጣ ወዲህ ያለውን ማንም አያውቅም።

ከአጥንት የተሠራችውን ቢላ አስገብቼ የላይኛውን ጠርዝ በቀስታ አነሳሁት። ከሥሩ የጤፍ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ ወጣች፤ ከጎኗ «ታሂ» ይላል። ሰማያዊው ከለቀቀበት ደግሞ «ቲ» ብቅ አለች።

እትዬ አስካለ መነጽራቸውን ጠየቁ። ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ። በጥፍራቸው ነጥቧን ፋቅ ፋቅ አደረጉ፤ ቀለም መሆን አለመሆኗን ሲፈትኑ ነው። አለቀቀችም።

«ከሥር ነበረች?»

«ከሥር ነበረች፣ እመቤቴ» አሉ ጋሽ መርዕድ። ድምፃቸው ደክሟል። «የሸፈንኳት እኔ ነኝ። ወረቀት ሲተርፈኝ እዚያ ነው የምደብቀው። ሰው አይደርስበትም ብዬ።»

«ልጄ ደርሶበታል» አሉ እትዬ አስካለ።

ጋሽ መርዕድ አንገታቸውን ደፉ። እኔም መሬት መሬት አየሁ።

እትዬ አስካለ ጣታቸውን ከነጥቧ ሳያነሱ «ሐኪም ቤት አላት፣ ይህችን የምታህለው?» አሉኝ።

«አላት። ትንሽ የሆነችው እኛ ጋ ነው።»

ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱና ገልብጠው እንደ ደንቡ ለበሱት። ከዚያ ወደ ህይወት ዞሩ። «አንቺ፣ ምን አለ የሚበላ? እነዚህ ሰዎች ጠዋት ወጥተው የመጡ ናቸው» አሉ። አብረን በላን። እሳቸው ሲጎርሱ ሳይ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አልደበቅኩትም።

ብሩክ በሚቀጥለው ሳምንት ከሆስፒታሉ ስልክ ተውሶ ደወለ። የት እንዳለ ሊነግራቸው ሲጀምር እናቱ ከእነ ነጥቡ ያውቁት ነበርና፣ እሱ ነው የተደነቀው። ሉሉን መልሰን ልንለጥፍላቸው ብንጠይቅ «እንዳትነኩት» አሉን።

ሰኞ ጋሽ መርዕድ ሰበሰቡን። «ከዛሬ ጀምሮ የት ነው የምንዘጋው?» አሉ።

«ከባሕሩ ጀምረን አገራችን ላይ እንዝጋ» አለ ሸምሱ። «ያኔ አቃቂ ትሸፈንና ከኪራይ እንድናለን።»

ሁላችንም ሳቅን። አትላንቲክ ተባለ፤ እዚያም ደሴት አለ። ዋልታ ተባለ፤ ትርፉ እዚያ አይደርስም። ጋሽ መርዕድ ወረቀቱን እያገላበጡ ቆዩና ለእኔ አቀበሉኝ። «አንቺ ዝጊ» አሉኝ። ዘጊ የሆንኩት እንዲህ ነው።

እኔ ያደረግኩት ይሄ ነው። ሙጫውን ወፈር አድርጌ በስሱ ቀባሁት፤ ቅጠሉ ብዙ ሳይርስ እንዲጣበቅ። ትርፉን ደግሞ መጨረሻ ላይ አላጠራቅመውም፤ ገና በሁለተኛው ቅጠል መለካት እጀምራለሁ፤ በየስፌቱ የፀጉር ያህል አነባብሬ ለአሥራ ሁለቱም አካፍላለሁ። ጠርዝ ላይ ነጥብ ካለች ከላይ እንድትቀር አደርጋለሁ። ሥራው በጣም ይዘገያል። አንድ የትምህርት ቤት ዕቃ ገዢ «ምን አዲስ ነገር ሠራችሁና ነው የምታቆዩን?» ብሎ ተቆጥቶን ነበር። ጋሽ መርዕድ «ባሕሩን ነው የምንሠራው» ብለው መለሱለት።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ወርክሾፑ በሸምሱ እጅ ነው። ዓይኔ ደክሟል፤ አልፎ አልፎ እየሄድኩ አዳዲሶቹን አሠለጥናለሁ። የማስተምራቸውም አጭር ነው፦ ወረቀት ይለጠጣል፣ ትርፍም ይመጣል። ትርፉን ማንም አያየውም ወደምትሉት ቦታ አትግፉት። እዚያም የሰው ልጅ ይታመማል፤ እናቱም ትፈልገዋለች።