ራሱ ይናገር

እንግሊዝ አገር፣ ሼፊልድ፣ የልጆች ድጎማ ቢሮ ተሰልፈናል። ከፊቴ የቆመችው ሴትዮ የዳቦ ቤት ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም፤ ክርኗ ዱቄት በዱቄት ነው።

"ባሌ ከአውቶብስ ሹፍርናው ከወጣ ወር አለፈው" አለች።

ጸሐፊው ከመስኮቱ ወዲያ ሆኖ በአፍንጫው እያወራ፣ "እመቤቴ፣ ማመልከቻው የጋራችሁ ነው። የሱን የሥራ ለውጥ ራሱ ያሳውቅ። እስከዚያ ክፍያው ይታገዳል" አላት። እኔ ራሴ ደሜ ፈላ!

መስኮቱን በጡጫ መታችው። "ራሱ? ስማ ልጄ፣ ለኔስ መች ነገረኝ! ከጎረቤት ነው የሰማሁት። ጠዋት ጠዋት ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ምሳውን ይዞ ይወጣና መናፈሻ ተቀምጦ ይውላል።"

"ታዲያ ለምን አይጠይቁትም?"

"አንተ ብትሆን አፍ አውጥተህ ትጠይቀዋለህ?" ቅጹን ከእጁ መነጨቀችው። "ከፈለግክ አግድ! እኔ ነገም ምሳውን እቋጥርለታለሁ።"