ጠዋት ጠዋት የምትጠፋው መኪና

ሰሚት ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ ከቆመችበት የመኪናዬን የሞተር ኮምፒዩተር ፈተው ከወሰዱብኝ ወዲህ እኔ የድሮው ሰው አልሆንኩም። ገርጂ ያለው መካኒኬ ከሌላ መኪና የወጣ ኮምፒዩተር ፈልጎ ገጠመልኝ። ከሰዓት ይዣት ስወጣ ደህና ነበረች። በማግስቱ ጠዋት ግን ልጄን ቦሌ ትምህርት ቤት ላደርስ ወጥቼ፣ የመጀመሪያው አደባባይ ላይ እግሬን ከነዳጅ ሳነሳ ጠፋች።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ሆነ። ሞተር ሲጠፋ መሪው ይጠነክራል፣ ፍሬኑም ይደርቃል። ከኋላ ደግሞ አሸዋ የጫነ ገልባጭ ጡሩንባውን ያስጮኸዋል። እፈራ ነበር። ቁልፉን ደጋግሜ ሳዞር ልጄ ከኋላ ወንበር በመስታወቱ ታየኛለች። ስምንት ዓመቷ ነው። ባለቤቴ በታክሲ ውሰዳት ብትለኝ፣ ልጄን በዚህ ብርድ የታክሲ ሰልፍ ላይ አላቆምም ብዬ ተቆጣሁ። እልኸኛ ነኝ፤ ፍርሃቴንም የምሸፍነው በቁጣ ነው።

መካኒኩ ሻማ ቀየረ፣ የነዳጅ ፓምፕ ቀየረ፣ ሽቦ አንድ በአንድ ፈተሸ። ከሥራ መልስ ስወስድለት ግን አንድም ቀን ፊቱ አልጠፋችም። እሱ ዘንድ ስትደርስ ጨዋ ትሆናለች። ሰውየው እኔን መጠራጠር እንደጀመረ ያስታውቅበት ነበር።

እኔ ደግሞ ለልጄ አንድ ነገር አስተማርኳት። መኪናዋ መንገድ ላይ ከጠፋች ቀበቶሽን ፍቺ፣ በቀኝ በኩል ውረጂና እግረኛ መንገዱ ላይ ጠብቂኝ አልኳት። ቤት ውስጥ ሶፋ ላይ አስቀምጬ አለማመድኳት። የተነገራትን የማትረሳ ልጅ ናት።

አንድ ማክሰኞ ጎሮ አካባቢ መሃለኛው መስመር ላይ ጠፋችብኝ። ቁልፉን ሳዞር የኋላው በር ሲከፈት ሰማሁ። በቀኛችን ባለው መስመር አንድ ሚኒባስ እየከነፈ ይመጣል። ጮህኩ፤ ምን ብዬ እንደጮህኩ ግን ዛሬም አላውቅም። ሚኒባሱ ተጠማዞ የበሩን ጫፍ ፍቆ አለፈ። የቦርሳዋ ማንገቻ ቀበቶው ላይ ተይዞባት ኖሮ እግሯ ገና ከውስጥ ነበር።

"ያልከኝን እኮ ነው ያደረግሁት" አለችኝ።

ልጄ ፊት መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

የዚያኑ ዕለት ለመካኒኩ ደውዬ፣ ጠዋት ሳልነዳት ቤት ድረስ መጥተህ እያት አልኩት። በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ ሲደርስ እኔ ኮፈኑን ከፍቼ፣ መፍቻ ይዤ የባትሪውን ገመድ እያሰርኩ ነበር።

"ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

ከስርቆቱ ወዲህ መኪናዋን አስነስተው እንዳይወስዷት ማታ ማታ ገመዱን እንደምፈታ፣ ጠዋት መልሼ እንደማስር ነገርኩት። ኮምፒዩተር ፈትቶ የሚሄድን ሌባ የባትሪ ገመድ አያስቆመውም፣ አውቃለሁ። ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው።

ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። ኮምፒዩተሩ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ለሞተሩ ምን ያህል አየር መስጠት እንዳለበት እየሠራ ይማራል፣ ባትሪው ሲፈታ ደግሞ የተማረውን ይረሳል አለኝ። ለካ ቀን ስነዳት ትማራለች፣ ማታ እኔ አስረሳታለሁ።

"የሚያጠፏት እርስዎ ነዎት" አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ሞተሩን አስነሳና፣ ኮምፒዩተሩ እንደገና እንዲማር ነዳጁን ማንም ሳይነካ እስኪሞቅ ድረስ አብረን ቆመን ጠበቅን። ገመዱን ሁለተኛ እንዳልነካ አስማለኝ።

ራት ላይ ለልጄ ሁሉንም ነገርኳት። ጥፋቱ የእኔ እንደነበር፣ ያስተማርኳትንም እንድትተወው።

"ለምን ነበር ግን ገመዱን የምትፈታው?"

"ሌባ መኪናችንን እንዳይወስድብን።"

ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ይውሰዷት አባዬ" አለችኝ። "በታክሲ እንሄዳለን።"