እናቴ ያስተማረችኝ ፉጨት

እንጅባራ መናኸሪያ በር ላይ ባጃጅ በፉጨት ሳስቆም ሰው ዞር ብሎ ያየኛል። «ሴት ልጅ ታፏጫለች እንዴ?» የሚሉ አሮጊቶች አይጠፉም። «እናቴ ናት ያስተማረችኝ» እላለሁ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ልጅ እያለሁ ዳንግላ አቅራቢያ ባለች መንደር ስንኖር ጓሯችን ውስጥ ቀፎ ነበረን። አባቴ ለሥራ ርቆ ስለሚሄድ ማሩን የምትቆርጠው እናቴ ነበረች። የእህቴ ሠርግ ሲቃረብ ለጠጁ ልትቆርጥ አንድ አመሻሽ ላይ ቀፎውን ከፈተች። ጭሱ ቶሎ ጠፋባትና ንቦቹ ጆሮዋንና አንገቷን ነደፏት። እብጠቱ ጎደለ። ከቀናት በኋላ ግን አፏ ወደ ግራ ተጣሞ፣ ቀኝ ዓይኗ አልከደን ብሎ ነቃች። የምትጠጣው ውሃ በከንፈሯ ጥግ ይፈስ ነበር።

ጎረቤት ሁሉ «መጋኛ መታት» አለ። ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም በጨርቅ ቋጥረው አንገቷ ላይ አሰሩላት፤ ነፋስ እንዳያገኛት ፊቷን በነጠላ ሸፍነው ጓዳ አስተኟት። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ «ሠርጉ ላይ ባትታዪ ይሻላል፣ እልልታውን እኔ አቀልጥልሻለሁ» አሏት። እናቴ ነጠላውን ገፈፈችው።

«የምን መጋኛ! የነደፈኝን አውቀዋለሁ» አለች፣ ቃሉ እየተንሸራተተባት። ጋሪ አስጠርታ ዳንግላ ሐኪም ቤት ወረደች፤ እኔም አብሬያት ተሳፈርኩ።

ሐኪሙ በንድፊያው የተነሳ የፊቷ ነርቭ ማበጡን፣ እንዲህ ያለው ነገር ብዙ እንደማያጋጥም ነገራት። ክኒንና የዓይን ቅባት ሰጣት። «ጉንጭዎን ይንፉ፤ ደግሞ ያፏጩ» ሲላት ግን ደነገጠች። በእኛ አገር ሴት ስታፏጭ ነውር ነው።

ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ጓሮ ተቀምጠን እናፏጭ ጀመር። ከእሷም ከእኔም የሚወጣው ነፋስ ብቻ ነበር። እትዬ ጥሩ ከአጥሩ ማዶ አንገታቸውን አስግገው «አንቺ፣ ከብት ልትጠብቂ ነው?» አሏት።

«ይምጡ፣ አብረን እንጠብቅ!» አለች እናቴ።

የሠርጉ ቀን አፏ ገና አልተቃናም። ፊቷን ሳትሸፍን ዳሱ ፊት ቆመች። እህቴ ልትወጣ ስትል እናቴ እልልታዋን ሞከረች፤ በከንፈሯ ጎን አመለጣት። ሰው አቀረቀረ። እሷ ግን ጉንጯን ነፍታ ከንፈሯን ሰበሰበች። ፉጨቱ ያኔ ወጣ፤ ቀጭን፣ ጥርት ያለ። መጀመሪያ በእልልታ የተቀበሏት እትዬ ጥሩ ነበሩ።

ያኔ አፏ እንዲቃና ስጸልይ ነበር የማድረው። ዛሬም ስትስቅ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። የዛሬ ስልክ የተጣመመ ፊት በአንድ ጣት ያቃናል። የእሷን ፎቶ ግን አልነካውም።