የቤዝ ድራሙ የፊት ቆዳ

የእናቶች መዘምራን መሪ ከልምምድ በኋላ ክንዴን ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ወሰደችኝ። «ልጄ፣ እንዳትቀየሚኝ። አረካ ከተማ ለአገልግሎት ስንሄድ እናትሽ ብታርፍ ይሻላል» አለችኝ።

«ምን አጠፋች?»

«ጭብጨባዋ ከሰው አልገጥም አለ። እኛ ጨርሰን እሷ ትጀምራለች። አጠገቧ የቆሙትንም እያሳሳተች ነው።»

ደሜ ፈላ። እናቴ እኔን በጀርባዋ አዝላ ትዘምር የነበረች ሴት ናት። ከመዘምራኑ ሰልፍ ሌላ የኔ የምትለው ነገር ቢኖር ቤቷና የጓሮ እንሰቷ ነው። ደግሞ «ትረፍ» ማለት በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ አንዴ ያረፈች እናት ተመልሳ ሰልፍ ውስጥ አትቆምም። ግን መሪዋን ውሸታም ልላት አልቻልኩም። ድራም የምመታው እኔ ነኝና ከመቀመጫዬ ሆኜ አይቻለሁ። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ የእናቴ እጆች የሚገናኙት የሌሎቹ ከተገናኙ በኋላ ነበር።

ጥፋቱን ከድራሙ ፈለግኩ። ሰበብም አላጣሁም። ጉኑኖ ለጉባኤ ሄደን ስንመለስ፣ አይሱዙው ላይ የተጫነ አግዳሚ ወንበር የቤዝ ድራሙን የፊት ቆዳ ቀዶት ነበር። ቆዳ እንለዋለን እንጂ ፕላስቲክ ነው። እስኪቀየር ብለን በጥቁር ጨርቅ ሸፈንነው፤ ጨርቁም እንደዚያው ከረመ። የእናቴ ጭብጨባ መዛነፍ የጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው። በቃ፣ የድራሙ ድምፅ ሞቶባት ነው ብዬ ደመደምኩ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ራሱ ያዘኝ። ቤዝ ድራም ሁለት ቆዳ አለው። የኋላውን በእግር ፔዳል እየረገጥኩ የምመታው እኔ ነኝ፤ የፊተኛው ግን ወደ ሕዝቡ ዞሮ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ማንም የማይመታው ቆዳ ሥራው ምንድን ነው? በምሳ ሰዓት ከምሠራበት ወረዳ ጽሕፈት ቤት እየወጣሁ፣ ምሳዬን ትቼ፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ እሞክር ጀመር። ጨርቁን አንስቼ መታሁ፤ አልብሼ መታሁ። የተቀደደውን ቆዳ በመዳፌ ነክቼ ፔዳሉን ስረግጥ፣ ማንም ሳይመታው ተንቀጠቀጠ። በመሃል ያለው አየር ገፍቶት ነው። ይህን ያህል ዓመት ድራም ስመታ ያንን አለማየቴ ገረመኝ፤ ደስም አለኝ።

ሶዶ ውስጥ ድምፅ ማጉያና ኪቦርድ የሚሸጠው ነጋዴ ዘንድ ሄድኩ። አባቱ ከስልጤ መጥተው እዚሁ የከተሙ፣ እሱም እዚሁ የተወለደ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። እናቴ ከገበያ ስትመለስ አገኘችኝና ተከትላኝ ገባች። ባለሱቁ ሦስት ቆዳ አወጣ፦ ጥቁር፣ ነጭና መስታወት የመሰለ ግልጽ። እያንዳንዱን ጠርዙን አንጠልጥዬ፣ ጆሮዬ ሥር አድርጌ በጣቴ መታ መታ አደረግኩ። ግልጹ ድምፁ ይረዝማል፣ ይበታተናል። ነጩ መካከለኛ ነው። ጥቁሩ ዳር ዳሩ ወፈር ያለ ነው፤ አንዴ ድም ብሎ ጸጥ ይላል። የፈለግኩት እሱን ነበር።

እናቴ ዘንቢሏን አስቀመጠችና ግልጹን አነሳች። በውስጡ ባለሱቁን አሻግራ አይታ ሳቀች። «ይኼን ውሰጂ» አለችኝ።

«እማዬ፣ ይኼ ይጮኻል። ጥቁሩ ነው የሚሻለው።»

«ይኼን።»

«ድምፁን እንኳ ሳትሞክሪው?»

እሷ ግን አሁንም በግልጹ ውስጥ አሻግራ ታያለች። ባለሱቁ እጁን አነሳ፤ «እኔ በእናትና በልጅ መሃል አልገባም፤ ሁለቱንም ብትወስዱ ግን ደስ ይለኛል» አለ። ጥቁሩን ወሰድኩ። እናቴ ባጃጅ ውስጥ አኩርፋ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ እሷ ስለ ድራም ምን ታውቃለች ብዬ ተውኳት።

ቅዳሜ ልምምድ ላይ የድራሙን ድምፅ ያልወደደ አልነበረም። እናቴ ግን ባሰባት። ያኔ ዓይኗን ልብ አልኩት። የምታየው መሪዋን አልነበረም። ዕቃ እንደጠፋበት ሰው የቤዝ ድራሙን ፊት ትፈልግ ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት አንዱን ትንሽ ድራም ቆዳውን ልቀይር ቤት አመጣሁት። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ግቢው ውስጥ ቦሎቄ ትለቅማለች። ብሎኑን አጥብቄ ድራሙን መታሁት። የጎረቤት ልጆች በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቁ። በኃይል ደገምኩት። ዶሮዎቹ ተበተኑ። እናቴ ጠጠር ለቀመችና ወረወረች፤ አልዞረችም። ዞሬ ፊቷ ስቆም ደነገጠች። «መቼ መጣሽ?» አለችኝ።

ስጠራት ዝም ስትል፣ ሆን ብላ ጆሮ ዳባ ልበስ የምትል ይመስለኝ ነበር። ፊቷ ቁጢጥ አልኩና በወላይትኛ ቀስ ብዬ ጠየቅኋት። «እማዬ፣ አትሰሚም እንዴ?»

ቦሎቄውን በጣቷ በተነችው። «ቅርብ ሆነሽ፣ አፍሽን እያየሁ ስታወሪ ይገባኛል።»

«እሁድ እሁድስ? እንዴት ታጨበጭቢ ነበር?»

እጇን ጨብጣ ወደፊትና ወደኋላ አወዛወዘችልኝ። የፔዳሉን መምቻ ማለቷ ነው፤ እግሬ ሲረግጥ ሄዶ ቆዳውን የሚመታውን። አሮጌው የፊት ቆዳ ግልጽ ስለነበር ከቆመችበት ቦታ በውስጡ ይታያታል። መምቻው ሲያርፍ እሷም ታጨበጭባለች። «ጨርቅ ካለበሳችሁት ወዲህ ግን ጠፋኝ። አንቺም ሄደሽ ጥቁር ገዛሽ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብናገር ትረፍ አይሉም?»

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኋት። አሰበች። ጆሮዋ የደከመው እኔ ድራም መማር ከመጀመሬ በፊት ነው አለችኝ። ከጸሎት ቤት ስንወጣ ሁልጊዜ «ዛሬ ጥሩ መታሽ» የምትለኝ እናቴ፣ አንድም ቀን ስመታ ሰምታኝ አታውቅም። ቦሎቄው ፊት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ተናደድኩባትም፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝ።

ባለሱቁ ቆዳውን ሲለውጥልኝ፣ «እናትሽ ነግራሽ አልነበር?» እያለ ሳቀብኝ። ጥቁሩን ከሻንቶ ለመጣ ደንበኛ እንደሚሸጠው ነገረኝ። ግልጹን ስገጥመው ድምፁ እንደፈራሁት ረዘመ። ጊታር መቺው ፊቱን አጨማደደ፤ ይልመድበት ብዬ ተውኩት። ለመሪዋ ግን ምንም አልነገርኳትም፤ እናቴ አትናገሪ ብላኛለች።

መሪዋን «ለአንድ ጊዜ ብቻ» ብዬ ስለለመንኳት እናቴ አረካ አብራን ሄደች። ድራሙን የተከልኩት እኔ ነኝ፤ የፊት ቆዳውን ወደ እናቶቹ አዞርኩት። መዝሙሩ ተጀምሮ እስኪያልቅ ዓይኔን ከእጆቿ አልነቀልኩም። ከሌሎቹ እጅ ጋር እኩል ተገናኙ። መሪዋም አየች፤ ጭንቅላቷን ነቅነቅ አድርጋ መዝሙሯን ቀጠለች።

ፕሮግራሙ አልቆ ሰው ሲወጣ፣ ድራሙን ልፈታ ስል እናቴ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ቆዳውን በጣቷ ነካ አደረገችው። «ድምፁ ግን እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ወፍራም ነው» አልኳት።

«ወፍራም ድምፅ እንዴት ያለ ነው?»

ሌላ ቃል ፈለግኩ፤ አጣሁ። ተነስቼ ወንበሬን ለቀቅኩላት። ጫማዋን አውልቃ ፔዳሉን አንዴ ረገጠች። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ይኼ ነበር?»

«ይኼ ነበር።»

ቀሚሷን ሰብስባ ደገመች፤ ከዚያም ደገመች። ውጪ መኪናው ላይ ከድራሙ በቀር ሁሉም ዕቃ ተጭኗል፤ ሹፌሩ ክላክሱን ያለማቋረጥ ያንባርቃል። አልነገርኳትም።