ሦስት ገበታ በአስታው ጫካ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ሰሜን ተራራ ላይ፣ ጨነቅ ከሚባለው የድንኳን ሰፈር አድሮ መጣና ድንኳኑን ሊያናፍስ ግቢዬ ውስጥ ዘረጋው። ከላስቲኩ እጥፋት ውስጥ የተጨፈለቀ ጦስኝ ወደቀ። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ የያዝኩትን ብርጭቆ መሬት አስቀመጥኩ። «ድንኳኑ ሁሉ ጎን ለጎን ተተክሎ፣ ደስ ሲል!» ይለኛል። ሳቄ መጣ። እኔን ከጠየቅኸኝ፣ ጫካ ማደር ማለት ተራርቆ ማደር ነው። ይህን ደግሞ ከማንም ተበድሬ አላወራም፤ አድሬበታለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ጦርነቱ በርትቶ ወጣት ለውትድርና የሚታፈስበት ጊዜ። ደባርቅ ውስጥ ጢሙ ያቆጠቆጠ ሁሉ ከገበያም ከኳስ ሜዳም እየተለቀመ መኪና ላይ ይጫናል። እኛም ሦስት ጓደኛሞች፣ እኔ፣ የቄሱ ልጅና የነጋዴው ልጅ፣ ከከተማው ርቆ፣ አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ ወደሞላው ጫካ ገባን። አብረን ያደግን ነን፤ ተደባድበን ታርቀን። የነጋዴው ልጅ ሙስሊም ስለነበር የምንለያየው ሥጋ ላይ ብቻ ነው። እሱ የክርስቲያን ሥጋ አይቀምስም፣ እኛም የእነሱን አንቀምስም። በዚህ የሚቀየም አልነበረም፤ እንዲያውም መቀላለጃችን ነው። «ጥብሱን እያሸተትክ ምራቅህን ዋጥ» ስለው፣ «የእናንተ በግ በቁሟም ከሲታ ነበረች፣ ታርዳ ምኗ ያስጎመጃል!» ይለኛል።

የጫካው ሕጋችን አንዱ ቢያዝ ሌላው እንዲተርፍ ለየብቻ ማደር ነበር። የእኔ ቤት የወደቀ አሮጌ አስታ ሥር ነው። ጓሳ አጭጄ ጎዘጎዝኩ፣ ከላይ ገሳ ጋረድኩ፤ የቱንም ያህል ቢዘንብ ጠብ አይልብኝም። እሳት የምናነደው ጉም ሲወርድ ብቻ ነው፤ ጢሱ ከጉሙ ይቀላቀልና ከሩቅ የሚለየው የለም። ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ ከቅርንጫፍ የተንዠረገገውን የዛፍ ሽበት ወርቅ ስታስመስለው፣ ጭላዳዎቹ ከገደሉ አፋፍ ሲንጫጩ፣ ጋቢዬን እንደተከናነብኩ እሰማለሁ። ደስ አይልም ነበር ብል እዋሻለሁ። ጉልበቴ ሙሉ ነው፤ ማንም አይዘኝም ብዬ አምን ነበር። ደግሞም አልያዘኝም።

እናቶቻችን እንጨት ለቃሚ መስለው ይመጡና በመጥረቢያ ደረቅ ግንድ ይመታሉ። ድምፁን ሰምተን በየተራ እንወርድና ስንቃችንን ይዘን ወደየሥፍራችን እንበታተናለን። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ከብርዱም ከጅቡም ይልቅ የከበደን ለብቻ መብላት ነው። እንጀራውን ጠቅልዬ የማጎርሰው ሰው ፍለጋ ዙሪያዬን አያለሁ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል ሰምተን አድገን የለ? ሁዳዴውን እንደምንም ገፋነው። ፋሲካ ሲቃረብ ግን የነጋዴው ልጅ እምቢ አለ። «ያን ሁሉ ጾማችሁ ስታበቁ እንደ ቀበሮ በየጉድጓዳችሁ ልትገድፉ? እኔ እያለሁማ አይሆንም። ዳቦዬን ይዤ መጥቼ አብሬያችሁ እበላለሁ።»

የፋሲካ ዕለት ጉም የሚባል አልነበረም፤ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። እናቴ የበግ ጥብስ፣ የነጋዴው ልጅ እናት ደግሞ ልጃቸው ባዶ እጁን እንዳይቀርብ ድፎ ዳቦና ማር ልከው ነበር። ከአስታው መሐል ገላጣ ቦታ ፈልገን ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀመጥን። የቄሱ ልጅ ሥጋውን ለእኔና ለራሱ ከፈለ፤ ዳቦውና ማሩ በሦስተኛው ድንጋይ ላይ ሆነ። «ውሃ የት አለ? እጅ ሳይታጠቡ ገበታ አይቀረብም» አለ፤ የአባቱ ልጅ አይደል! ሩጫ ሲሆን ለእኔ ነው የሚተወው። ቅሉን አንጠልጥዬ ወደ ምንጩ ቁልቁል በረርኩ።

ስመለስ የማላውቀው ሳል ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ በአስታው መሐል ባይ፣ ጠመንጃ የያዙ ሚሊሻዎች ጓደኞቼን ከበዋቸዋል። አለቃቸው እንደ እንግዳ ተደላድሎ ተቀምጧል።

«ዛሬ እንደምትሰበሰቡ መች አጣሁት!» ይላል። «የሰው ልጅ ፋሲካን ብቻውን አይበላ።» ከዚያ ድንጋዮቹን አየ። «ገበታው ሦስት፣ ሰዉ ሁለት። ሦስተኛው የት ገባ?»

የቄሱ ልጅ አንገቱን ደፋ። የነጋዴው ልጅ ግን ቀና ብሎ፣ «ሦስተኛ የለም። ሁለቱም የእኔ ነው፤ ሆዴ ሰፊ ነው» አለ።

«እስቲ ሆድህን እንየው። ብላ።»

ጓደኛዬ የእኔን ድርሻ ሳበ። ለአፍታ ሥጋውን አየው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ቢስሚላሂ ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ከዚያ በላ። ሳይቸኩል፣ ፊቱን ሳይቋጥር፣ በሕይወቱ ነክቶት የማያውቀውን ሥጋ አጥንቱ እስኪቀር በላ። የቄሱ ልጅ እንባው ሲወርድ ሚሊሻው በፍርሃት መሰለው። እኔ ልወጣ አንድ እግሬን አነሳሁ። ይኼኔ የነጋዴው ልጅ ተነሥቶ ለሰውዬው ሳይሆን ለጫካው ጮኸ፤ «ጠግቤያለሁ! የቀረ የለም፤ እንሂድ!»

እግሬን መለስኩ። ብወጣ ኖሮ የበላው ሁሉ ከንቱ ይቀር ነበር። እጃቸውን የፊጥኝ አሥረው ቁልቁል ነዷቸው፤ ድፎውን አንዱ ሚሊሻ ብብቱ ሥር ሸጉጦት ወረደ።

«አርፋችሁ ለየብቻችሁ ብትበሉ ኖሮ» የሚሉኝ ሰዎች ዛሬም አሉ። አልቀበላቸውም። ያን ቀን በየሥፍራችን ተደብቀን ብንገድፍ፣ ደርግ ሳይነካን እኛው ተለያይተን ነበር። ደግሜ ብኖረው ደግሜ ውሃ ልቀዳ እወርዳለሁ። የቄሱ ልጅ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ አንድ ዐይኑን አጥቶ ተመለሰ። የነጋዴው ልጅ አልተመለሰም።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ጓደኞቼን የጫነው መኪና ከከተማው ሲወጣ ጠብቄ በጓሮ በኩል የነጋዴው ልጅ እናት ዘንድ ገባሁ። ወሬው ደርሷቸዋል። በሩ አጠገብ ቆመዋል፤ አላለቀሱም። ትከሻዬን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ልጄ፣ የወሰዱብኝ ሳይበላ ነው?»

«በልቷል፣ እናቴ። እስኪጠግብ በልቷል።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ግንባሬን ሳሙኝ። ምን እንደበላ አልጠየቁኝም፤ እኔም እስኪያርፉ ድረስ አልነገርኳቸውም።