ስለ እሳት ማን ጠየቀሽ

«አንቺን ደግሞ ስለ እሳት ማን ጠየቀሽ?»

እንዲህ ያለኝ ወሲላ ነው። ወሲላ የምንለው የአባቴን ታላቅ ወንድም ነው። ያለኝ ደግሞ በምርቃቴ ድግስ ላይ፣ አሰላ፣ እኛው ጓሮ ውስጥ፣ ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ እየሰማ። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው። እዚህ ግን አንቱታውን ነስቼዋለሁ፤ እሱም የበቀሌ አንድ ክፍል ነው።

በእኛ ቤት ድግስ ሲሆን ስጋ የወንዶች ነው። ያርዳሉ፣ ይበልታሉ፣ ይጠብሳሉ። እኛ ወጥ ቤት ነን። ያን ቀን ገና ጋዋኔን ሳላወልቅ ወደ እሳቱ ሄድኩና ፍርግርጉ ፍሙ ላይ ተለጥፏል፣ ጎድኑ ላዩ አሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፣ ትንሽ ከፍ አድርጉት አልኳቸው። መካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ ይቺን ማለት ያቅተኛል? ወሲላ ያኔ ነው የጠየቀኝ። ሰው ሳቀ። አባቴም ሳቀ፤ እሱ ነው የቆጠቆጠኝ። ጎድኑ ልክ እንዳልኩት ሆነ። ያረረውን እየፋቁ በሉት።

እኔ ቂም እይዛለሁ። አትይዝም የሚል ሰው ካለ አያውቀኝም።

አባቴ ለምርቃትሽ ምን ልስጥሽ ሲለኝ ላፕቶፕ እንደምለው ጠብቆ ነበር። ለጓሯችን የስጋ መጥበሻ ነው የምፈልገው አልኩት። እናቴ አሞሻል እንዴ አለችኝ። ወሲላ ወሬውን ሰምቶ በማግስቱ ከሳጉሬ መጣና በርሜል ለሁለት ሰንጥቆ እግር መበየድ ነው፣ ምን ምርጫ ያስፈልገዋል አለ። አባቴ እሱን አየ፣ እኔን አየ። የተመረቀችው እሷ ናት፣ እሷ ትምረጥ አለ። ስቆብኝ ስለነበር ሳይጸጽተው አልቀረም።

እኔ ደግሞ መርጬ ጨርሻለሁ። አዲስ አበባ ለልምምድ በወጣሁ ጊዜ አንድ ምግብ ቤት ግቢ ውስጥ አይቼዋለሁ፤ የአርጀንቲና ነው ብለውኛል። ከጎኑ የብረት ቅርጫት አለው። እንጨቱ እዚያ ይነድና ፍሙ ከታች ይረግፋል፤ ፍሙን ብቻ በመቆስቆሻ ጎትተሽ ስጋው ስር ትበትኚዋለሽ። ነበልባልና ጭስ ከስጋው ጋር አይገናኙም። ፍርግርጉ ደግሞ እንደ መኪና መሪ በሚዞር ጎማ ከፍ ዝቅ ይላል። ከፍ ዝቅ! ሰው ያሳቀብኝ ነገር እኮ መሪ ተሰርቶለታል። ሌላ ልመርጥ ነበር?

ተሰርተው የሚሸጡትንም አየሁ። ላሜራቸው ስስ ነው፤ የአሰላ ክረምት ባንዴ ያዝገዋል። ስለዚህ ስዕሉን ራሴ ሰርቼ ለበያጅ ሰጠሁት። ፍርግርጉን በክብ ብረት፣ በቶንዲኖ ልስራልሽ፣ ይቀላል አለኝ። እንቢ አልኩ። እያንዳንዱ ብረት እንደ አሸንዳ የጎደጎደ ይሁን፣ ወደ ፊት ትንሽ ያዘንብል፣ ስቡ ፍሙ ላይ ሳይንጠባጠብ ወርዶ ፊት ለፊት ባለች ገንዳ ይጠራቀም። የሚቆምበትን ጡብ እኔው ደረደርኩት። ከተመረቅኩ ጀምሮ ስራ የለኝም፤ እስከ ዛሬ የሰራሁት ብቸኛ ማሽን ያ ነው። ወሲላ መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አየውና መሪውን በጣቱ እየነካ፣

«በጉ ሊነዳው ነው?» አለ።

አሁንም ተሳቀ።

አረፋ ደረሰ። እኔ ከአርቦዬ በታች ካለው ቆላ የግራር ከሰልና የደረቀ የግራር እንጨት አስመጥቼ ነበር። ወሲላ በበዓሉ ጠዋት ከራሱ መሬት የቆረጠውን ባህር ዛፍ ሚኒባስ ላይ ጭኖ መጣ፣ ቅጠሉ እንኳን ሳይረግፍ። እሳቱን የሚይዘው ታላቅ ነው፣ ስጋውን እኔ እጠብሳለሁ አለ።

እዚህ ጋ መናገር እችል ነበር። ባህር ዛፍ ጉንፋን ሲይዘን ብርድ ልብስ ተከናንበን የምንታጠነው ነገር ነው። ቤታችን ሁሌም በሱ ይበስላል፣ ግን ድስቱ ተከድኖ ስለሆነ ማንም ልብ ብሎት አያውቅም። ስጋው ራቁቱን ጭሱ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚሆን አውቄያለሁ። ግን ማን ጠየቀኝ? እንዲያውም ክብሪቱን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። እናቴ በእርድ ስጋ አይቀለድም ባይ ስለሆነች ግን፣ ወሲላ ለራሱ የመረጠውን ጎድን ብቻ ትቼለት የቀረውን ወጥ ቤት አስገብቼ ከደንኩት።

ፍም እስኪሆን መች ጠብቆ። ቅርጫቱን እስከ አፉ ሞላ፣ የሚጨሰውን እንጨት እንዳለ ስጋው ስር ሰደደ፣ መሪውን እስከ ታች አዞረ። ጓሮው በጭስ ተሞላ። የመጀመሪያዋን ቁራጭ አባቴን አጎረሰው። አባቴ አኘከ፣ ቆም አለ፣ እንደምንም ዋጠ።

«አፍንጫዬ ተከፈተ» አለ።

አንዱ ጎረቤታችን ብርድ ልብስ አምጡልን፣ ተከናንበን እንብላው አለ። ሌላው ሳል ላለበት ልጁ ትንሽ እንዲቋጠርለት ጠየቀ። ሳቁ ዛሬ ወደ ወሲላ ዞረ። ደስ አለኝ? በጣም። ምንም አላፈርኩም።

ወሲላ መሪውን ወዲህ አዞረ፣ ወዲያ አዞረ፤ ጭሱ ባሰበት። እንግዳው ተርቧል። በመጨረሻ አይኑን በእጁ እያሸ እኔ ወደቆምኩበት ወጥ ቤት በር መጣና ሌላ ሰው እንዳይሰማው ድምጹን ዝቅ አደረገ።

«ልጄ፣ ይሄን እሳት ምን ባደርገው ይሻላል?»

እሱ ዝቅ ቢልም እኔ ዝቅ አላልኩም። የግራሩን ከሰል ተሸክሜ ሄድኩ። የሱን እንጨት በመቆስቆሻ አንድ በአንድ እያወጣሁ፣ አባቴም ጎረቤቱም እንዲሰማ አድርጌ መለስኩለት፦

«ስለ እሳት ማን ጠየቀሽ ብለውኝ ነበር፣ ወሲላ። እርስዎ ነዎት የጠየቁኝ።»